ትንሽ ለብቻዋ ትሁን

ሔራን በደብረ ብርሃን የመጨረሻ ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ ነበረች። የተግባር ልምምዷን ስትጀምር ሳምንቷ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ማክሰኞና ሐሙስ በከተማው ዳር ባለ ጤና ጣቢያ። በትምህርት ቤቱ የሚከታተላት ባለሙያ አልነበረም፤ አንድ ጠባብ ክፍልና ሁለት ወንበር ሰጥተዋት በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ወረቀት ለጠፉላት። በጤና ጣቢያው ግን የአእምሮ ጤና ነርሷ ሲስተር ብርነሽ ነበረች፤ ንግግሯ አጭር፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ሴት።

በሁለተኛው ሳምንት የሰባተኛ ክፍሉ ኃላፊ መምህር አንተነህ ሀይማኖት የምትባል ተማሪ ይዞላት መጣ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ከወለጋ ተፈናቅሎ በከተማው መጠለያ ይኖራል።

«ጎበዝ ናት» አለ መምህሩ ልጅቷን በረንዳ ላይ አቁሞ። «ግን በትምህርት መሐል ፍዝዝ ብላ ትቀራለች። ብንጠራትም አትሰማ። ያየችው ነገር ነው እንግዲህ።»

ሔራን አልተጠራጠረችም። ቤቱ ተቃጥሎበት ስለተሰደደ ልጅ ያነበበችው ሁሉ ይህንኑ ይል ነበር። ሀይማኖት ስለ መንደራቸው አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ያማረረችው ስለ አክስቷ ነው።

«ውሃ ልቅዳ ብል ተከትላኝ፣ ሱቅ ብላክ ተከትላኝ። ሐሙስ ሐሙስ ልብስ ላጥብ ወደ በሬሳ ወንዝ ስወርድ እንኳ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ሕፃን ነኝ እንዴ?»

ሔራን አዘነችላት። በዚያው ቀን መምህር አንተነህን በኮሪደሩ አግኝታ፣ «ለእናቷ ይንገሩልኝ፤ ልጅቷ መተንፈሻ ትፈልጋለች። ትንሽ ለብቻዋ ትሁን» አለችው። መልእክቱም ደረሰ።

በሦስተኛው ቀጠሯቸው ሔራን ድፍረት አግኝታ፣ «ከቤት የወጣችሁበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። የልጅቷ ዓይን ግድግዳው ላይ ተተከለ። አፏ ባዶውን ያላምጥ፣ ጣቶቿ የሹራቧን ክር ይነጩ ጀመር። አንድ ደቂቃ ያህል ቆየች። ከዚያ ግራ በገባው ፊት፣ «ምን አልሽኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ የቀሰቀስኩባት» አለች ሔራን በልቧ። ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ሪፖርቷ ላይ ግን «ከደረሰባት የሥነ ልቦና ጉዳት የተነሣ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። አቶ ኃይለ ገብርኤል የሚባሉ ገበሬ ከጣርማ በር ባለቤታቸውን ይዘው ጤና ጣቢያው መጡ።

«አትወድቅም፤ አረፋም አይደፍቃት» አሉ ለሲስተር ብርነሽ። «እንዲያው ብቻ ትሄድብኛለች። አፏን ታላምጣለች፣ ነጠላዋን በጣቷ ትነጫለች። ባለፈው ምድጃ አጠገብ መጣባትና እጇ ተቃጠለ። መቃጠሏን ያወቀችው ነፍሷ ሲመለስ ነው።»

«የሚጥል በሽታ ሁሉ ሰው አይጥልም፤ እንዲህም ሆኖ ይመጣል» አለች ሲስተር ብርነሽ።

የሔራን እስክሪብቶ ቆመ። ባልና ሚስቱ እስኪወጡ እንኳ መታገሥ አቅቷት ነርሷን ወደ ጓዳው ጠራቻትና የሀይማኖትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

«እናቷ ምን አለችሽ?»

«እናቷን... አላነጋገርኳትም።»

«ልጅቷ አሁን የት ናት?»

ሔራን ሰዓቷን አየች። ከቀኑ ስምንት ተኩል። ሀይማኖት የጠዋት ፈረቃ ናት።

«በሬሳ። ልብስ ታጥባለች።»

«ከማን ጋር?»

«ለብቻዋ ትሁን ብዬ ነበር» አለች ሔራን።

«ሂጂ!» አለች ሲስተር ብርነሽ።

ባጃጅ ያዘች። ወደ መምህር አንተነህ ደወለች፤ አያነሣም። ደግማ ደወለች። ዋናው መንገድ ላይ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ባጃጁ መሻገር ሲያቅተው ወርዳ ሮጠች። ነፋሱ ፊቷን ይገርፋታል፤ እሷ የሚታያት ግን ምድጃና የተቃጠለ እጅ ነበር።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። ሀይማኖት የለችም።

«ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ አላያችሁም?»

«እሷማ ወደ ላይኛው ሄደች» አለች አንዷ። «ለብቻዬ ይሻለኛል ብላ።»

ሔራን በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተች ሽቅብ ሮጠች። በመጀመሪያ ያየችው የተገለበጠ ሳፋ ነው። ቀጥሎ ልጅቷን አየች። ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ተንበርክካ፣ ጣቶቿ የራሰውን ሹራብ እየነጩ ወደፊት ታዘነብላለች። አገጯ ውሃውን ነክቷል። ሔራን እንዴት እንደገባች አታውቅም፤ ከብብቷ ሥር ይዛ ጎተተቻት። ልጅቷ ሳታውቃት ታገለቻት፣ በክርኗም ደረቷን መታቻት። ሁለቱም ዳሩ ላይ ወደቁ።

ብዙ ከቆየች በኋላ ሀይማኖት ዙሪያዋን አየች።

«ሳፋዬስ?» አለች።

ሔራን ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

የልጅቷ እናት ወይዘሮ ወለተሐና ሁለቱንም እንደረጠቡ ከመጠለያው ደጃፍ ተቀበለቻቸው። ሔራን ምንም ሳትደብቅ ተናገረች፤ ምክሩ የእሷ እንደነበረም ጭምር።

«ይኼ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያለ ነው» አለች እናትየው፣ ልጇን በጋቢ እየጠቀለለች። «ወለጋ ሳለን፣ ገና ሰው ሳይነካን። እኅቴን የማስከትላት ለምን መሰለሽ?»

«ለምን ለትምህርት ቤቱ አልነገሩም?»

«ስሙ ከወጣ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? አንቺስ መች ጠየቅሽኝ? የተማረች ሰው ለብቻዋ ትሁን ብላለች አሉኝ። ከእኔ የተማረ ያውቃል ብዬ እሺ አልኩ።»

ዓርብ ጠዋት ሔራን ከትምህርት ቤቱ አስፈቅዳ እናትና ልጅን ወደ ጤና ጣቢያው ይዛ መጣች። ሲስተር ብርነሽ እናትየዋን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው፤ መድኃኒትም ተጀመረ። ሔራን ሪፖርቷን ልትቀድ ስትል ነርሷ እጇን ያዘች።

«አትቅደጂው። የተሳሳትሽውን ከሥሩ ጻፊበት፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህሮችሽም አንቺው ስጫቸው።»

ሰጠቻቸው። ከልምምዱ ትባረር እንደሆነ ሳታውቅ ዐሥር ቀን ጠበቀች። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። አላባረሯትም፤ ያለ ሲስተር ብርነሽ ምክር ለማንም ተማሪ ምንም እንዳትወስን ግን በጽሑፍ ታዘዘች።

በሁለተኛው ወር ለቀሪው ልምምድ ወደ አንኮበር ተላከች። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው ስልኳ ጮኸ፤ መምህር አንተነህ ነው። ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ አነሣችው።

«ምን ሆነች?» አለች ሰላምታ ሳታቀርብ።

«ኧረ ምንም! ደህና ናት። የሒሳብ ፈተናዋን አንዴም ሳታቋርጥ ጨርሳ ወጣች፤ ደስ ይልሻል ብዬ ነው።»

ሔራን አመስግናው ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አጠገቧ የተቀመጡት ቄስ ዘወር ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው?» አሏት።

«አይደለም አባ። ደህና ነው» አለች፤ ስልኩን ግን አንኮበር እስኪደርሱ ድረስ ከእጇ አልለቀቀችውም።