ክንፍ የሌላት ሙሽራ

አቶ ጢሞቴዎስ ሽማግሌ መመለስ ያውቁበታል። ልጃቸውን ራኬብን ሊጠይቁ የመጡትን የሳዶቅን ሽማግሌዎች ሁለቴ «እስቲ እንጸልይበት» እያሉ ለንደን ውስጥ ከዌምብሊ ቤታቸው ወደ ኤድመንተን ሸኝተዋቸዋል። ለሦስተኛው ቀጠሮ ደግሞ «እንደ ጌዴዎን ምልክት ካላየሁ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ራኬብ አባቷን ታውቃቸዋለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሰውየው ብቻቸውን መቅረት ፈርተው ነው። እሷ ግን ሳዶቅን ትወደዋለች፣ አራተኛ ቀጠሮ የምትጠብቅበት አንጀትም የላትም።

«ምልክት ከሆነማ እኔ አለሁ» አለች ለራሷ።

ሰኔ ላይ ከጓሮው ጽጌረዳ አንድ አባጨጓሬ ለቅማ በጠርሙስ ታሳድግ ነበር። ጀርባው ላይ እንደ ጥርስ ብሩሽ የተከረከመ አራት ቢጫ ቁንጮ ነበረው። አባቷ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ቢነኩት እጃቸውን ሲያክኩ ሰነበቱ። አባጨጓሬው ድር ፈትሎ ተጠቀለለ፤ በቀጠሮው ዋዜማ ከውስጡ ሴት የእሳት እራት ወጣች። ክንፍ የሚባል የላትም፤ ድብልብል ያለች፣ አመድማ፣ ጠጉራም ናት። ዘሯ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር አዳርሷል፣ እሷ ግን ከወጣችበት የድር ጎጆ ንቅንቅ አትልም። ሽታዋን ለነፋስ ትሰጣለች፣ ወንዶቹም በጠራራ ፀሐይ ከየሰፈሩ እየበረሩ ይመጣሉ።

ቅዳሜ ራኬብ የእሳት እራቷን ከነጎጆዋ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ የሻይ ማጥለያ ደፋችባት። መጋረጃውን ሸፈን፣ መስኮቱን ወለል አደረገች።

ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። መሪያቸው ጋሽ ዓባይ «ልጅዎን ለልጃችን…» ብለው ሲጀምሩ አንድ ብርቱካንማ የእሳት እራት ገባ፤ በየክንፉ ነጭ ነጥብ አለው። ሌላ ተከተለ። ከዚያማ ማን ይቁጠራቸው! አንዱ ጭራሽ የጋሽ ዓባይ ራሰ በራ ላይ አረፈ።

«ሃሌ ሉያ!» አሉ ጋሽ ዓባይ። «ወንድም ጢሞቴዎስ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ይፈልጋሉ?»

ራኬብ የወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ሳቋን በእጇ አፈነች።

አቶ ጢሞቴዎስ ግን ቀስ ብለው ተነሥተው መጋረጃውን ገለጡ፣ ማጥለያውን አነሡ። የፈሩት ይደርሳል፤ ራኬብ እጇን ከአፏ አወረደች።

«ይቺ አትበርም?» አሉ።

«አትበርም፣ አባዬ። ክንፍ የላትም።»

«ታዲያ ከዚህ በኋላ የት ትሄዳለች?»

«የትም። እዚያው ጎጆዋ ላይ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። እንቁላሎቹ ብርዱን ቆይተው በፀደይ ይፈለፈላሉ።»

ሰውየው ጎንበስ ብለው የእሳት እራቷን አዩዋት። ዓይናቸው እንባ ሲያቀር ራኬብ በተንኮሏ አፈረች።

«ምልክቱን አይቻለሁ» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «የኔ ልጅ ክንፍ አላት። ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እየተመራረቁ ሲቀመጡ፣ አባቷ ማጥለያውን አቀበሏትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶብኝ ሻይ ከነቅጠሉ ነው የጠጣሁት። እጠቢው። እንቁላሎቹ ግን እኔ ጋ ይቆያሉ፤ አንቺ ስትሄጂ የሚያሳክከኝ እንኳ ላግኝ።»