እስከ ሰባት ቤት የጠራ ደም

ጀይላን ከቀወት ገጠር ሲመለስ ከመንገድ ሠሪዎች መኪና የወደቀ ቢጫ ሳጥን አገኘ። የባጃጁ ወንበር ስፖንጅ አልቆ ስለነበር ሳጥኑን ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጠበት። በሦስተኛው ቀን ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ጢጥ ጢጥ የሚል መሣሪያ ይዘው ሸዋ ሮቢት ገቡ። ሳጥኑ የአስፋልት ጥቅጥቅነት መለኪያ ነበር፤ ውስጡ ጨረር አለው።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዓይናለም የጀይላንን ደም ቀዳች።

«ጨረር ክሮሞዞም ይሰብራል። ውጭ አገር ልከን እናስቆጥረዋለን።»

«ክሮሞዞም ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዘር የሚወርድበት ነገር።»

ከተማው የሰማው ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው። የቀትሩ ዙህር ሳይሰገድ የጀይላን ዘር ተሰበረ ተባለ፤ ባጃጁ ላይ የሚሳፈር ጠፋ። የጋብቻው ኒካ ሁለት ወር ሲቀረው የእጮኛው የሒክማ አባት ጋሽ ኸድር አስጠሩት።

«አንተን ጠልቼ አይደለም ልጄ። እኛ ግን እስከ ሰባት ቤት አጥርተን ነው የምንድረው። የተሰበረ ዘር እቤቴ አይገባም።»

«አባባ፣ ሳጥኑ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ እንጂ አያቶቼ አይደሉም!»

«ወረቀቱ ይምጣ።»

ሲስተር ዓይናለም ደግሞ ለማነጻጸሪያ ጨረር ያልነካው ሰው ደም ፈለገች። ጋሽ ኸድር እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«የኔን ውሰጂ። የጠራ ዘር ምን እንደሚመስል ፈረንጆቹም ይዩት።»

ኒካው አንድ ሳምንት ሲቀረው ወረቀቱ መጣ። ግማሽ ከተማ ጤና ጣቢያው ግቢ ተሰበሰበ።

«ጀይላን ከአንድ ሺህ ሴል አንድ ስብራት ተገኝቶበታል» አለች ሲስተር። «አንድ ማንም ሰው ላይ አይጠፋም። ጨረሩ አልጎዳውም።»

«አንድም ቢሆን ስብራት ስብራት ነው!» አሉ ጋሽ ኸድር።

«የአባባስ ስንት ነው?» አለች ሒክማ።

ሲስተር ዓይናለም አመነታች። «ጋሼ፣ ልናገር?»

«ጮክ ብለሽ!»

«ሁለት።»

ግቢው ተንጫጫ። ሲስተር «ይሄም ጤነኛ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል» ብትልም የሰማት የለም። ጀይላን ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ።

«አባባ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም። ሁለትም ቢሆን፣ እቤትዎ እገባለሁ።»

ጋሽ ኸድር መሬት መሬት አዩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ተቆጡ ሲባል ሳቃቸው አመለጣቸው። ሒክማ እልልታውን አቀለጠችው፣ ግቢው ተቀበላት።

ለሳምንታት ባዶውን የከረመው ባጃጅ ያን ቀን የመጀመሪያ ተሳፋሪውን ያዘ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉ ጋሽ ኸድር ከኋላ፣ «ሦስተኛ እንዳይሰበርብኝ።»