የማይዘለው ማጫወቻ

በሥራ ቦታ «ዝላይ» ይሉኛል። ስፖርተኛ ሆኜ አይደለም። በእጅ የሚያዝ የዲስክ ሙዚቃ ማጫወቻ ሲናወጥ ዘፈን ይዘል እንደሆነ የምፈትሸው እኔ ስለሆንኩ ነው። በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ያ አልበቃ ሲለኝ ኪሴ ከትቼ አራት ፎቅ በሩጫ እወጣለሁ። ካልዘለለ ጀርባው ላይ «አይዘልም» የምትል ወረቀት እለጥፍበታለሁ። ከዚያ ወደ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ያልፋል። እሷ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከትታ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ትለካና «ሰባት ሰዓት» ብላ ትለጥፋለች። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ስለ ባሏ አመል፣ ስለ ጥርሷ ሕመም፣ ስለ አለቃችን ጫማ ሳይቀር ያላወራነው ነገር አልነበረም።

ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ዓይኗ ማየት ካቆመ ሃያ ዓመት ሆኖታል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ እያነሳች «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስትል ትውላለች። ልቧ ያለው ግን ማስተማር ላይ ነው። የመምህርነት ፈተናው ማየት ለተሳናቸው በድምፅ ነው የሚሰጠው። ጥያቄው ዲስክ ላይ ይቀዳል፣ ለተፈታኙ ማጫወቻና ማዳመጫ ይሰጠዋል። አምና ክርኗ ጠረጴዛውን ገጨና ዲስኩ ዘለለ። ወደ ኋላ ስትመልሰው እንደገና ዘለለ። በሁለት ነጥብ ወደቀች። ዘንድሮ ደግሞ የዕድሜ ገደቡ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ካለፈ አለፈ፣ ሌላ ዕድል የላትም።

«እንግዲህ ዝላዩ አንተ ነህ» አለችኝ እየሳቀች። «ዘንድሮ ከዘለለብኝ እዚህ ቤት አትገባም።»

የፈተናው መሥሪያ ቤት ሃያ ማጫወቻ ከእኛ ሲያዝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ማጫወቻዎቹ የሚታደሉት በተፈታኝ ቁጥር ነው፤ የእህቴ ዘጠኝ ቁጥር ነበር። አለቃችንን፣ ዘጠኝ ቁጥርን እኔው ልምረጥ ብዬ ለመንኩት።

«ምረጥ፣ ምን ገዶኝ» አለ። «ብቻ ደረጃው ላይ ስትከንፍ ሰው እንዳትጥልብኝ።»

ሃያውንም ሞክሬ የማይነቃነቀውን መረጥኩላት። እነዚህ ማጫወቻዎች ጎናቸው ላይ ዝላይ መከላከያ የሚባል ትንሽ ማብሪያ አላቸው። ሲበራ ማሽኑ ዲስኩን ቀድሞ እያነበበ ድምፅ ያጠራቅማል፤ ቢናወጥም ካጠራቀመው ላይ ይጫወታል። አበራሁት። ጣቷ ሳታውቀው እንዳያጠፋባት ብዬም ማብሪያው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ቤት ውስጥ ለእሷ የምለጥፈውን ሁሉ፣ የመድኃኒቱንም የጨው ጣሳውንም፣ በጥፍሯ ስትፈልግ እንዳትቸገር ጫፉን አጥፍላታለሁ። ይህችንም እጄ ልማዱ ሆኖበት ጫፏን አጠፈው።

ፈተናው አራት ሰዓት ሙሉ የሚፈጅ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ተፈታኞቹ እየሳቁ፣ እየተከራከሩ ወጡ። እታለም መጨረሻ ላይ ወጣች፤ ፊቷ ጠቁሯል።

«ሦስት ሰዓት ያህል ከተጫወተ በኋላ ድምፁ ጠፋ» አለችኝ። «አሥራ አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።»

«ድንጋይ አልቀየሩልሽም?»

«የድንጋዩ ክዳን ታሽጓል። አምና አንዱ እዚያ ውስጥ ወረቀት ደብቆ ተይዟል አሉ። ኮሚቴ ካልመጣ አይከፈትም አለኝ ተቆጣጣሪው። ኮሚቴው ሲመጣ ሰዓቱ አለቀ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ ጨረሱ።»

ክንዷን ይዤ ቤት አደረስኳት። ሌሊቱን ስጨስ አደርኩ። በማግስቱ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ ቆምኩ።

«ሰባት ሰዓት ይቆያል ብለሽ ለጥፈሽ በሦስት ሰዓት ሞተባት! ሥራ ነው ይሄ?»

አልተቆጣችም። ትንሽ አሰበችና፣ «መከላከያው በርቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«በርቶ ነዋ!»

«እኔ እኮ አጥፍቼ ነው የምለካው። ቁጥሩ እንዲያምር አጥፊው ብሎኝ የለ አለቃ? ሲበራማ ሞተሩ እየተጣደፈ ድንጋዩን ይጨርሰዋል። ሁሉንም አጥፍተን ነው የላክነው። የእሷን ማን አበራው?»

ሞተሩ እንደሚጣደፍ አጥቼው አይደለም። እኔ አብርቼ አናውጣለሁ፣ እሷ አጥፍታ ትለካለች፤ ሁለቱም ወረቀት እውነት ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዘወር ብዬ፣ ማብሪያውን ምን ላይ አድርገሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ደግሞስ ቢበዛ አንድ ክርን ጠረጴዛ በሚገጭበት ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ መከላከያ ለምን አስፈለገ? ራሴን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ማታ ቤት ስገባ ውሸቴን አዘጋጅቼ ነበር። እታለም ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

«ድንጋዩ ነው እታለም» አልኳት። «ብልሹ ድንጋይ ነው የደረሰሽ። ፋብሪካው...»

ከሹራቧ ኪስ አንድ ነገር አውጥታ እጄን ፈለገችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ጫፏ የታጠፈ ቁራጭ ፕላስተር ናት።

«ድምፁ ሲጠፋ ዙሪያውን ስዳብስ አገኘኋት» አለችኝ። «ላጥኳትና ከሥሯ ያለውን ማብሪያ አጠፋሁት። ትንሽ ተናገረ፤ ግማሽ ጥያቄ። ከዚያ ዝም።»

ፕላስተሯን እንደያዝኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንድም ጊዜ አልዘለለም ግን» አለችኝ።