የረጠበው የመኝታ ከረጢት

ሙሽራው የሚሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ሲያራግፍ፣ ሲያደርቅ፣ ሲተኩስ ይውላል። ካገባ ብዙም ሳይቆይ አማቱ፣ በብርድ ወራት ድንኳን ተክለው ወደሚያድሩበት በረዷማ ተራራ እሱንና ሚስቱን ይዘው ወጡ።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ጭንቅላትህን የመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ከተህ እንዳትተኛ። ትንፋሽ ውሃ ነው፤ ውስጡ የተሞላውን ላባ ያረጥበዋል» አሉት።

«አባባ፣ የእርጥበቱን ነገር ለኔ ይተዉት። እንጀራዬ ነው።»

ሚስቱ ሳቀች።

ብርዱ ግን አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነበር። አፍንጫው ሲደነዝዝበት ከረጢቱን እላዩ ላይ ዘግቶ በገዛ ትንፋሹ ሲሞቅ አደረ። ጠዋት ከረጢቱ በአንገቱ በኩል ያልተጨመቀ ፎጣ መስሏል። አባትና ልጅ የየራሳቸውን ገልብጠው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ፣ እሱ የራሱን ጠቅልሎ ማኅደሩ ውስጥ ጠቀጠቀው።

«ያንተስ?» አለችው ሚስቱ።

«የኔ ደረቅ ነው።»

አመሻሹ ላይ ፈትቶ ቢዳስሰው፣ ላባው ተጓጉሎ ጨርቁ ከእርጥበቱ በረዶ ሠርቶ እንደ ቆዳ ግትር ብሏል፤ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። አባትና ልጅ ውጭ በረዶ እያቀለጡ ውሃ ያፈላሉ። የአማቱ ከረጢት ለስልሶ አጠገቡ ተዘርግቷል፤ መልኩ ከሱ ከረጢት ጋር አንድ ነው። እጁ ቀደመው። ቀያየራቸው።

ሽማግሌው ገብተው እግራቸውን ሲሰዱ ቆም አሉ። ጨርቁን ዳሰሱ። ሙሽራውን ቀና ብለው አዩትና እግራቸውን እስከ መጨረሻው ሰደዱ።

ልጃቸው የፈላውን ውሃ በጠርሙስ ይዛላቸው መጣች። እጇ ከረጢቱን ሲነካ ደነገጠች። «አባዬ፣ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሆነው?»

«እርጅና ነዋ። ሳላውቀው ጭንቅላቴን ከትቼ አድሬ ይሆናል።»

«ለሰው መክረህ ለራስህ ረሳኸው?» ብላ ቀለደችባቸው።

ሽማግሌው አብረዋት ሳቁ። ሙሽራው ግን በደረቁ ከረጢት ውስጥ ፊቱ እሳት ሆነ። ሳቃቸውን መቋቋም አቅቶት ተነሳ።

«የኔ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ሚስቱ ጠርሙሱን እንደያዘች ቀረች። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አውቀው ነበር?» አላቸው።

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ፣ በሚስትህ ፊት ላዋርድህ?»

ይህ ከስድብ ይልቅ አንገቱን አስደፋው። ከረጢታቸውን መለሰላቸው። ሚስቱ የራሷን ከፍታ እንደ ብርድ ልብስ አለበሰችውና ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

በማግስቱ እርጥቡን ከረጢት ሁሉም በሚያየው ቦታ ገመድ ላይ ሰቅሎ፣ የተጓጎለውን ላባ በጣቶቹ ሲፈታ አረፈደ። ሚስቱ እስከ ቀትር አላናገረችውም። ሽማግሌው ሻንጣቸውን እያሰሩ፣ «በሚቀጥለው ዓመትም ትመጣለህ አይደል?» አሉት።

«እመጣለሁ፣ አባባ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከጫማቸው ላይ ማንሳት አልቻለም።