ሃምሳ አራት ፍላፃ

ለአምስተኛ ጊዜ ሞከረው፤ ለአምስተኛ ጊዜ ሃምሳ አራት ሆነ።

መምህሩ ጣቱን ከማውሱ ላይ አንስቶ የግድግዳውን ሰዓት አየ። በኮምፒውተሩ መስኮት ውስጥ አረንጓዴ ካባ የለበሰው ቀስተኛው ከአንድ የእንጨት ሰው ፊት ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል። የእንጨቱ ሰው አይሞትም፣ አጸፋ አይመልስም፤ ሥራው መወጋት ብቻ ነው። በአንድ ደቂቃ ሃምሳ ዘጠኝ ፍላፃ ሊሰካበት ይገባ ነበር። ይህን ያለው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ መምህሩ ነው፤ ያውም በሠንጠረዥ፣ በሦስት ቀለም።

ኢንተርኔቱን ጠርጥሮ ነበር። ማውሱን ጠርጥሮ በሌላ ቀይሮታል። ጣቱንም ጠርጥሮ በግራ እጁ ሞክሯል። አሁን የሚጠረጥረው አለቀበት።

"ያ ምስኪን እንጨት ምን በደለህ?" አለችው ሚስቱ፤ ከወዲያኛው ክፍል ልብስ እያጣጠፈች።

"ቁጥሩ እምቢ አለኝ።"

"እንኳን ቁጥር ተማሪዎችህም እምቢ ይሉሃል" ብላ ወደ ካልሲዎቿ ተመለሰች።

ጨዋታው አምስት አምስት ሰው በቡድን የሚገባበት ነው። የእነሱ ቡድን ሰዎች ሁሉም ሥራ ያላቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስትሸጥ ውላ፣ ጨዋታው ውስጥ ግን ማከም በቃኝ ብላ መጥረቢያ የያዘች ፋርማሲስት ናት። አራት ወር ሙሉ ሲያሳፍራቸው የኖረውን ምሽግ ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይሰብሩታል። ምሽጉ ውስጥ የሚገባው ቀስተኛ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ቡድኑ ያለው ደግሞ ሁለት፦ መምህሩና ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቱ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አለቃቸው "ሠንጠረዡ ይፍረድ" አለች። ሠንጠረዡ ለመምህሩ ፈረደ። ሁለቱም ቀስቱን የሚያፈጥን አንድ ዓይነት ጓንት አላቸው። ልዩነታቸው ጣታቸው ላይ ነው፤ የእሱ ቀለበት ፍጥነት ይጨምራል፣ የእሷ ደግሞ ፍላፃዋን ከመቶ ሁለት እጅ ያጠነክራል። እህቱ ያን ቀን፣ የእሱ ቀለበት ለጌጥ መሆኑን፣ ሁለቱም ቀስቶች እኩል እንደሚወረውሩ፣ ይህንንም በጆሮዋ እንደሰማች ተናገረች። ጆሮዋ አሥራ ሁለት ዓመት ከስፌት መኪና ጋር የኖረ ነው። እሱ ግን ሁሉም እየሰሙ፣ "ጆሮ ማስረጃ አይሆንም" አላት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወንድሜ ማለቱን ትታ "መምህር" ትለዋለች።

ቀለበቱን ከቀስተኛው ጣት ላይ አወለቀና አንድ ደቂቃ ወጋ። ሃምሳ አራት።

ያኔ ገባው። ጨዋታው ጊዜን የሚቆጥረው በምት ነው፤ በሴኮንድ አሥር ምት። ግማሽ ምት የሚባል አያውቅም፤ ደረጃ ሲወጣ ግማሽ ደረጃ ላይ የሚቆም ሰው እንደሌለ ሁሉ። በመምህሩ ስሌት አንድ ፍላፃ በቀለበቱ አሥር ምት ከትንሽ ፍርፋሪ፣ ያለ ቀለበቱ ደግሞ አሥር ምት ከብዙ ፍርፋሪ ይፈጅበታል። ጨዋታው ፍርፋሪ አይቆርስም። በሁለቱም አሥራ አንድ እስኪሞላ ይጠብቃል።

መምህሩ ተነሣ። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ውስጡን አየና ምንም ሳያወጣ ዘጋው። ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረ። የእህቱ ብልጫ፣ ከመቶ ሁለት፣ ምን አላት? ማን ያውቅበታል? አራት ወር ሙሉ የምሽጉን በር በሕልሙ ሲያየው ከርሟል። ተመልሶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ።

ለአለቃቸው ደወለ።

"ፋርማሲ ነኝ" አለች። "ሰው ታሟል ወይስ ጨዋታ ነው?"

"ጨዋታ ነው።"

"እንግዲያው ቶሎ በል፤ ሰው ቆሟል።"

የስም ዝርዝሩ እስከ ስንት ሰዓት ሊቀየር እንደሚችል ጠየቃት። እስከ ዘጠኝ አለችውና አንዱን ደንበኛ ከምግብ በኋላ እንዲውጥ ነግራ ተመለሰች።

"ማን ሊቀር ነው?"

"ማንም። ለጠቅላላ እውቀት ነው።"

ስልኩን ዘጋችው። መምህሩ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

የእህቱ ሱቅ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ነው። ደጋግሞ ሰዓቱን እያየ ሲደርስ፣ አንድ ጃኬት ላይ ዚፕ እየገጠመች ነበር። እግሯን ከስፌት መኪናው ሳታነሣ፣ "እንደምን ዋልክ መምህር" አለችው።

ከተሰቀሉት ልብሶች መሐል ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ምቱን፣ ፍርፋሪውን፣ አሥራ አንዱን። ሲያስረዳ ረዘመ፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። እህቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ልዩነቱ ስንት ነው?"

"ከመቶ ሁለት።"

"ማን ነው የበለጠው?"

"አንቺ።"

መኪናው ቆመ። "ሁለቷን ብትወስዳት ምንም አልልህም ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ከጎኔ ቁጭ ብለህ አንድ ደቂቃ ብትሰማ ምን ትሆን ነበር? እኔ እኮ ስሌትህን አልጠላሁም። አንድ ደቂቃ ነው የጠየቅኩህ።"

መምህሩ የሰው ያልተጠናቀቀ ኮት ቁልፍ ሲነካካ ቆየ።

"ትገቢያለሽ?" አላት በመጨረሻ።

"ሰው ልብሱን ሊወስድ ይመጣል። ሱቁን ለማን ጥዬ?"

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። መምህሩ ስልኩን አውጥቶ ለቡድኑ ጻፈ፦ ሠንጠረዡ ስህተት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ምሽጉ የምትገባው እህቴ ናት። ለምን እንደተሳሳተ የሚያብራሩ አራት መስመሮች ጨመረበት። አነበባቸው። አራቱንም ደምስሶ ላከው።

"ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ" አላት።

"ልብስ ነክተህ ታውቃለህ?"

"ለብሻለሁ።"

ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ካውያውን እንዳይነካ፣ መኪናውን እንዳይነካ፣ ለማንም "ነገ ይደርሳል" እንዳይል አስጠንቅቃ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደምትጫወትበት ኮምፒውተር ገባች።

አሥር ሰዓት ሲሆን የቀስቷ ድምፅ ጀመረ። መምህሩ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያወዛውዛል። ሊቆጥር ሲል ራሱን ያዘ፤ ዝም ብሎ ሰማ። እኩል፣ እኩል፣ እኩል ይመጣል። ከወዲያ የአለቃቸው ጩኸት በድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ በሩ ተሰንጥቋል መሰለኝ ትላለች። ተነሥቶ መጋረጃውን ሊገልጥ እጁን ዘረጋና መለሰው።

አንድ ሽማግሌ ሱሪ በፌስታል ይዘው ገቡ።

"ባለሙያዋ የለችም?"

"አለች። ምሽግ እየሰበረች ነው።"

ሽማግሌው መጋረጃውን አዩት፤ ከጀርባው የሆነ ነገር በከባዱ ወደቀ።

"ይቆያል?"

"አላውቅም አባባ።"

"ይቺ እኮ ትንሽ ነገር ናት፤ ከታች ማሳጠር ብቻ። ሜትሩ ይኸው አጠገብህ አለ። አንተው ለክተህ ምልክት አድርግባት።"

መምህሩ ሜትሩን አነሣ። ጫፉን በጣቱ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በርጩማውን ለሽማግሌው አቀረበና እሱ ቆመ።

"እሷ ትለካልዎታለች" አለ። "ቁጭ ይበሉ።"