የሐሙስ ጾም

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በጋራ እርሻው ዳር ቆሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» እያለ ሲጮህ፣ እኛ የዘንዘልማ ሰዎች ወገባችንን ይዘን እናቃስት ነበር። ስም ተጠርቶብህ የሄድህበት ሥራ እጅ ያዝላል። እኔ አዘዘ ደግሞ፣ ምን ልዋሽ፣ ከሁሉ ይልቅ የማቃስተው እኔ ነበርሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንዳሮጠው ልንገራችሁ።

ወለላ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇን አምሐን ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱባት። ኅዳር ላይ ጤፏ ደርሶ ብቻዋን ጎንበስ ብላ ማጨድ ጀመረች። ደቦ አትጠራ ነገር፣ ደቦ የጠራ ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያቀርባል፤ እሷ ቤት ለራሷም የሚበቃ የለ። ጣና ላይ ደግሞ ያለወቅቱ ደመና ጠቁሯል። ያ ዝናብ ከወረደ ጤፉ መሬት ላይ ይተኛል፤ ዓመቱን የምትበላው የላትም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት በማኅበራችን ጽዋ ላይ ይህን አነሣን።

«ብንሄድም ታባርረናለች። ሰው አስርቤ አላሠራም ትላለች» አለ የጽዋ ጓደኛችን አምባቸው።

«እንግዲያው አንበላማ! ጾም ላይ ነን እንበላት!» አልሁ ቱግ ብዬ።

የነቢያት ጾም ገና አልገባ፣ ማግስቱ ሐሙስ፣ የምን ጾም? ሣቁብኝ። ግን ተስማማን።

ጠዋት ማጭዳችንን ይዘን ማሳዋ ገባን። ታንኳ ሠሪው ቡርሀንም ሰምቶ ከሐይቁ ዳር መጣ። ወለላ ስታየን ቀና አለች።

«ኧረ ምን ላበላችሁ ነው? በእመቤቴ፣ ተመለሱ፤ አታዋርዱኝ!»

«ማን አብዪን አለሽ? ጾም ላይ ነን» አልኋት።

«ሐሙስን?»

«የፈቃድ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አንቀምስ።»

«ሐሙስን የምጾመውስ እኔ እስላሙ ነበርሁ» አለ ቡርሀን። «ጾሜንም ወረሳችሁኝ?»

ሣቅን። ወለላ ግን አልሣቀችም። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ፊት ፊቴን አየችኝ። ውሸቴ ተነቃብኝ ብዬ ደነገጥሁና ቶሎ አጎነበስሁ።

አቤት የዚያን ቀን ሥራ! ስም የሚጠራ የለ፣ የሚቆጣ የለ። አንዱ ሲያዜም ሌላው ይቀበላል፤ ነዶው ከኋላችን ይጋደማል። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ሲያቃስት የኖረ ወገቤ የት እንደሄደ እንጃ! ወለላም ከመካከላችን ገብታ ስታጭድ ዋለች። ክምሩን ጨርሰን ሣር ስናለብሰው ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ከጣሪያዋ ሥር ተጠለልን። በሰፌድ ትንሽ የሽንብራ ንፍሮ አቀረበችልን፤ ለእያንዳንዳችን እፍኝም አይሞላ።

«በሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ አብረን እንፍታ» አለች።

«አንቺም ጾመሻል እንዴ?»

«ምነው አዘዘ፣ እንዳላወቀ ሰው! አምሐን የወሰዱብኝ ሐሙስ አይደል? እስኪመለስልኝ ሐሙስ ሐሙስን ልጾም ተስያለሁ። ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም አልተነፈስሁም።» እንባዋ ወረደ። «ልትጾሙለት መጣችሁ። እኔ እኮ ብቻዬን የምጾምለት መስሎኝ ነበር፤ ልጄ ለካ ሰው አለው! ማን ነገራችሁ?»

እሱ ይመልስልኝ ብዬ ወደ አምባቸው ዞርሁ። እሱም አንገቱን ደፋ።

«ማን ይነግረናል፤ ሚካኤል ይሆናላ» አለ ቡርሀን ቀስ ብሎ። ነፍሱን ይማረው፣ አወጣኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ባለቤቴ ምሳ አቀረበችልኝ።

«አንሺው፤ አምሐ ገና አልመጣም» አልኋት።