ልጅ ትቶ መውጣት

«ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ ትችያለሽ» አሉ ዳኛዋ።

ጁሀራ ተነሳች። የፊቷን አግዳሚ ያዘች።

ምስክሩ ሐጂ ዑስማን ናቸው፤ የባሏ የከሊል አጎት። ከሊልን አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደጉት፣ በሠርጓ ቀን እሷን የመረቋት እሳቸው ናቸው። አምስት ዓመት በትዳር ስትኖር ዓይናቸውን ቀና ብላ አይታ አታውቅም። ዛሬ ሮቤ ከተማ፣ ሰው በተቀመጠበት ችሎት ልትመረምራቸው ነው።

ከሊል ፍቺ ሲጠይቅ ማመልከቻው ላይ አንድ አንቀጽ አስገብቷል። «ተጠሪዋ የአራት ዓመት ልጃችንን ሰሚያን ትታ ከቤት ወጥታለች፤ ስለዚህ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትኑር» ይላል። ሐጂም ምለው ይህንኑ አረጋግጠዋል።

«ብቻዋን ወጣች። ልጅቷ እኛ ዘንድ ቀረች።»

ውሸት የለበትም። ጁሀራን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ ስትመጣ፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠው ወጣት የነገራትን ስትደጋግም ነበር፦ ምስክር ላይ ንግግር አታድርጊ፤ ጠይቂና መልሱን ጠብቂ። ጎረቤቷ ሮሚ ደግሞ፣ «ዝም ካልሽ ከኋላ ሆኜ እቆነጥጥሻለሁ» ብላታለች። አሁን ከኋላዋ ተቀምጣለች።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። ጁሀራ ኦሮምኛንም አማርኛንም እኩል ትናገራለች፤ አሁን ግን በአንዱም ቃል ጠፋባት።

«ሐጂ... እርስዎ ለእኔ እንደ አባት ነዎት። ስንት ነገር እንደቻልኩ ያውቃሉ። እኔ ልጄን...»

ዳኛዋ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ጥያቄ ነው?»

«አዎ... አይደለም።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከሊልም ፈገግ አለ።

«ጥያቄ ካለሽ ጠይቂ፤ ከሌለሽ ተቀመጪ።»

ሮሚ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጁሀራ ሐጂን ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ከቤት የወጣሁ ቀን ሰሚያን አዝያት ነበር። ከበሩ ላይ ማን መለሰኝ?»

ሐጂ ወደ ከሊል አዩ። ከሊል ራሱን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ሐጂ፣ ምለዋል» አሉ ዳኛዋ።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የመለስኳት።»

«ለምን?»

ሐጂ መልሱን ለዳኛዋ ሰጡ። «በእኛ ዘንድ ልጅ ይዛ የወጣች ሴት ቤቷን አፈረሰች ይባላል፤ ሽማግሌ አይሄድላትም። ልጇን ትታ ወላጆቿ ዘንድ ከገባች ግን ልትመለስ ነው ማለት ነው። ሽማግሌ ሄዶ አስታርቆ ያመጣታል። ‹ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እሷን ተዪልን፤ በሳምንቱ መጥተን እንወስድሻለን› አልኳት። ከጀርባዋ ያወረድኳት በእነዚህ እጆቼ ነው።»

የሚቀጥለውን ጥያቄ ጁሀራ ወረቀቷ ላይ አልጻፈችውም ነበር።

«በሳምንቱ መጣችሁ?»

«አልመጣንም።»

«ለምን?»

ሐጂ ትንፋሽ ወሰዱ። «ከሊል ‹ትንሽ ትቆይ፣ ትለስልስ› አለን። እኛም ቆየን። ይኸው ስምንት ወር።»

ከሊል ብድግ አለ። «የማን ምስክር ነህ አንተ?»

አጎቱን አንተ ሲላቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቁጭ በል» አሉት ሐጂ፣ ልጅ ሳለ ያዝዙት እንደነበረው። ተቀመጠ።

ዳኛዋ ረዘም ላለ ጊዜ ጻፉ። ከዚያ የፍቺው ክርክር እንደሚቀጥል፣ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ሰሚያ ከእናቷ ጋር እንድትቆይ፣ አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያያት አዘዙ። ከሊል ልጅቷን ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ያስረክብ።

«አሁንማ ጠበቃ ሆነሻል፤ የእኔንም ባል ነገ ችሎት አቁሚልኝ» አለች ሮሚ ደጅ ሲወጡ። ጁሀራ አልሳቀችም።

አሥር ሰዓት ላይ ከከሊል ግቢ በር ቆመች። ሐጂ አብረዋት መጥተዋል። ከሊል በሩን ከፈተ እንጂ ሰላም አላለም። ሰሚያ ከእግሩ ኋላ ብቅ አለች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ቀሚሱን ጁሀራ አታውቀውም።

«ነይ፣ የእኔ እናት።»

ልጅቷ የአባቷን ሱሪ ጨመደደች። «አንቺ ትተሽኝ ሄደሻል።»

ከሊል ወደ ሰማይ አየ። ሐጂ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጁሀራ በእጇ ከለከለቻቸው። ችሎት ፊት ያስረዳችውን ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ ማስረዳት አይቻልም።

«አዎ» አለች። «ትቼሽ ሄጃለሁ። ተሳስቼ ነው።»

ሰሚያ አሰበች። «ደግመሽ ትሄጃለሽ?»

«ያላንቺ አልሄድም።»

ልጅቷ ዞራ ወደ ቤት ሮጠች። የቤቱ በር ከኋላዋ ተዘጋ። ጁሀራ አላንኳኳችም፤ አልተጣራችም። ከሊል ሰዓቱን አየ። ከውስጥ የከሊል እናት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ ይሁን እርግማን አይሰማም።

በሩ ተከፈተ። ሰሚያ ጫማዋን አድርጋ ወጣች፤ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ። እናቷ ፊት መጥታ ቆመች፤ ዓይኗን ግን መሬት ላይ ተከለች።

ጁሀራ ተንበረከከች። የአንዱን እግር ጫማ ስታወልቅላት ልጅቷ ተንገዳገደች፤ እንዳትወድቅም የእናቷን ራስ በሁለት እጇ ያዘች።